ሜዳው አለ፤ ቁልፉን ማን ይያዝ?

(ጅማ ከተማ ውስጥ ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ ለርዕሳነ መምህራንና ለሰፈር ነዋሪዎች ከተደረገ ንግግር ተጽፎ የቀረበ)

አካም ጅርቱ! እንደምን ዋላችሁ? በዚህ ዝናብ፣ በዚህ ጭቃ፣ ሥራችሁን አቋርጣችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ አዲስ ነገር ይሠራልን ብዬ ልለምናችሁ አልመጣሁም። ያለውን እንክፈተው ልላችሁ ነው የመጣሁት።

በየስብሰባው አንድ ዓይነት ንግግር እንሰማለን። «የጅማ ልጆች መጫወቻ የላቸውም» ይባላል። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ቀጥሎ ወሬው ወደ በጀት ይሄዳል። በጀት የለም። ጉዳዩ ለከርሞ ይተላለፋል። ከርሞም ሲደርስ እንደዚያው። በዚህ መሃል የአሥር ዓመቱ ልጅ አሥራ አምስት ይሞላዋል። መጫወቻ ያስፈለገው ደግሞ ያኔ በአሥር ዓመቱ ነበር።

እስቲ ቅዳሜ ከሰዓት ከጅማ መርካቶ ተነሱና ወደ ጅሬን በእግራችሁ ውጡ። በየመንገዱ የትምህርት ቤት አጥር ታያላችሁ። ከአጥሩ ውስጥ ሜዳ አለ። የጎል ብረት አለ፣ አንዳንዱ ጋ የመረብ ኳስ ቋሚም አለ። በሩ ላይ ደግሞ ቁልፍ አለ። ልጆቹስ? ልጆቹ ከአጥሩ ውጭ ናቸው። ኮብልስቶኑ ላይ ሁለት ድንጋይ ጎል አድርገው፣ ባጃጅ በመጣ ቁጥር ኳሷን እያነሱ ይጫወታሉ። የአጥሩን ስፋት ያህል እንኳ አይርቁም።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ጅማ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት አትጠልቅም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ብንቆጥር በሳምንት 84 የብርሃን ሰዓት አለን ማለት ነው። ትምህርት ቤት ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ቢሠራ፣ በአምስት ቀን 40 ሰዓት ነው። የቀረው 44 ሰዓት ሜዳው ባዶውን ይውላል። የሐምሌና የነሐሴን ዕረፍት እንኳ አልጨመርኩም። በሕዝብ ገንዘብ የታጠረ፣ በሕዝብ ገንዘብ የተደለደለ መሬት ከግማሽ በላይ ጊዜውን ተቆልፎ ያሳልፋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን ማንቀሳቀስ አለባቸው ይላል። ለዚህ ስታዲየም አያስፈልግም። የተከፈተ በር ይበቃል።

ታዲያ ለምን ይቆለፋል?

ብዙ ሰው ርዕሰ መምህሩን ይወቅሳል። እኔ የስፖርት መምህር ነኝ፤ ከርዕሳነ መምህራን ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ወቀሳው ልክ አይመስለኝም። አንድ ቀን እሑድ ጠዋት አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ዘበኛውን ክፈትልን ብዬ ለመንኩት። ሽማግሌ ሰው ነው፣ ሽርጡን ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል። «ቲቸር፣ ልጆቹን ጠልቼ መሰለህ? መስታወት ቢሰበር ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ልጅ እግሩ ቢሰበርም እኔው ነኝ። ክፈት ብሎ የጻፈልኝ ሰው የለም» አለኝ። ምን ልመልስለት? እውነቱን ነው።

ርዕሰ መምህሩም ያው ነው። ሜዳውን ቢዘጋ ማንም አይጠይቀውም። ቢከፍትና ወንበር ቢጠፋ ግን ንብረት ክፍል ይጠይቀዋል፣ ኦዲት ይጠይቀዋል፣ ወላጅ ይጠይቀዋል። የመክፈት ጥቅም ለሰፈሩ ሁሉ ነው፤ የመክፈት ጣጣው ግን በአንድ ሰው ራስ ላይ ነው። በዚህ ሁኔታ ማንም አስተዋይ ሰው በሩን ይቆልፋል። ስለዚህ ጣጣውን ካላካፈልን ስብሰባ ብቻውን በር አይከፍትም።

ለማካፈል ደግሞ በከተማችን ማን ምን እንዳለው ማየት ነው። ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሜዳና ክፍል አለው፤ አሠልጣኝ የለውም። ወጣቶችና ስፖርት አሠልጣኝና ኳስ አለው፤ ሜዳ ያንሰዋል። ጤና ጽሕፈት ቤት ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት የሚያስተምር ባለሙያ አለው፤ ሰው ተሰብስቦ የሚያገኝበት ቦታ ይፈልጋል። ቀበሌ አዳራሽ አለው፤ ከስብሰባ ቀን ውጭ ወንበሩ ተደራርቦ ነው የሚቀመጠው። ሴቶችና ሕፃናት፣ ባህልና ቱሪዝም፣ ፖሊስ፣ ውሃና ፍሳሽ፣ ሁሉም ቁራጭ ቁራጭ ይዟል። ነዋሪው ግን ቁራጭ አይጠቅመውም። አንድ የወጣት ቡድን የሜዳ ጥያቄ ደብዳቤ ይዞ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር አይቻለሁ። አንዱ «እኛን አይመለከትም» አለ፣ ሌላው «ይዞታው የኛ አይደለም» አለ፣ ሦስተኛው «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው» አለ። ማንም አልከለከላቸውም፤ ማንም አልፈቀደላቸውም። ልጆቹ ተስፋ ቆርጠው ፑል ቤት ገቡ።

ይህ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። ከኛ በጣም የበለጸጉትም አልፈውበታል።

እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ውስጥ ፍሊንት በምትባል የፋብሪካ ከተማ ፍራንክ ማንሌይ የሚባል የስፖርት መምህር ነበር። ጊዜው የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ ነው፤ ሥራ የለም፣ ልጆች መንገድ ላይ ናቸው። ማንሌይ የሮታሪ ክለብ ስብሰባ ላይ ቆሞ ትምህርት ቤቶቹ ከትምህርት ሰዓት በኋላ መዘጋታቸውን ተናገረ። አዳራሹ ውስጥ ቻርለስ ስቱዋርት ሞት የሚባል ባለሀብት ነበር። ንግግሩን ሰማ፣ 6,000 ዶላር ሰጠ፣ አምስት ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ሥራው እየሰፋ ሄዶ ትምህርት ቤት የሰፈር ማዕከል የሚሆንበት አሠራር በአገሪቱ ታወቀ። ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። አዲስ ሕንፃ አልተሠራም። የተዘጋ ነው የተከፈተው።

ሂውስተን ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደች። እዚያ ኤሌኖር ቲንስሊ የሚባሉ ሴት ነበሩ። መጀመሪያ የትምህርት ቦርድ አባል ነበሩ፤ በኋላ የከተማው ምክር ቤት አባል ሆኑ። በሁለቱም ወንበር ተቀምጠዋልና ሁለቱም የሚያጣውን ያውቃሉ። ከተማው መናፈሻ የሚሠራበት መሬት የለውም፤ ትምህርት ቤቱ መሬት አለው፣ ግቢውን የሚያሳምርበት ገንዘብ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1983 ስፓርክ የተባለውን ፕሮግራም ጀመሩ። ግቢው በትምህርት ሰዓት የተማሪ ነው፤ ከትምህርት ሰዓት ውጭና ቅዳሜ እሑድ የሰፈሩ መናፈሻ ነው። ወጪውን ከተማው፣ የትምህርት አስተዳደሩና ሌሎች አካላት ይጋሩታል፤ ትምህርት ቤቱና ሰፈሩም የድርሻቸውን ያዋጣሉ። ዛሬ ከ200 በላይ እንዲህ ያሉ ግቢዎች ተሠርተዋል። እኔን የሚገርመኝ ቁጥሩ ሳይሆን የሰፈሩ መዋጮ ነው። ያዋጣ ሰው ይጠብቃል።

አሜሪካ ሀብታም ናት የሚል ካለ ብራዚልን ይመልከት። እዚያ በወጣቶች መካከል የሚደርሰው ግድያ በሳምንቱ መጨረሻ ይብስ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ዩኔስኮ ከክልል መንግሥታት ጋር ሆኖ በድሃ ሰፈሮች ያሉ ትምህርት ቤቶች በእነዚሁ ቀናት ክፍት እንዲሆኑ አደረገ። ስፖርት፣ ሙዚቃ፣ የእጅ ሙያ ገባ። በ2004 የፌዴራል መንግሥቱ ራሱ ሥራውን ወሰደው።

ቅርባችን አዲስ አበባም አለች። በኅዳር 2011 ዓ.ም «መንገድ ለሰው» ሲጀመር ትልልቅ መንገዶች እሑድ ጠዋት ለመኪና ተዘግተው ለሕዝብ ተከፈቱ። ይህን አንድ መሥሪያ ቤት ብቻውን አይችለውም። ትራፊክ ፖሊስ፣ ትራንስፖርት፣ ጤና ተቀምጠው ካልተነጋገሩ አንድም መንገድ አይዘጋም። ተነጋገሩ፣ ተዘጋ፣ ሕፃን አስፋልት ላይ ብስክሌት ነዳ።

ግን እኮ ሩቅ አገር ባንሄድስ? ጅማ ውስጥ እድር የሌለበት ሰፈር የለም። እድር ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ድስትና ሰሐን አለው። ንብረቱ የሁሉም ነው። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የሚይዝ ሰው ግን የታወቀ ነው። ዕቃ ሲወጣ ይቆጠራል፣ ሲመለስ ይቆጠራል፤ የጎደለውን ያጎደለው ይተካል። ጽሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ፣ ዳኛ አለ። ሃይማኖትና ብሔር ሳይጠየቅ በአንድ ድንኳን ሥር እናዝናለን። የጋራ ንብረት ማስተዳደር የማንችል ሕዝብ አይደለንም። በሰፈር የምናውቀውን ሥርዓት ወደ ቢሮ ስንገባ ነው በር ላይ የምንተወው።

እንግዲህ ወደ ሥራው ልምጣ። የምጠይቀው አንድ መግባቢያ ሰነድ ነው። ወፍራም መሆን የለበትም። በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተጽፎ በሩ ላይ የሚለጠፍ፣ እናትም ዘበኛም የሚያነቡት ይሁን። ውስጡ የሚገባው ደግሞ ስሜት ሳይሆን ዝርዝር ነው።

መጀመሪያ ቁልፉ። አንዱ ከትምህርት ቤቱ ጋር ይቆይ፣ ሁለተኛው ስፖርት ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ለወከለው ሰው ይሰጥ። ከ10 ሰዓት በኋላ ግቢው በዚያ ሰው ፊርማ ሥር ነው። መስታወት ከተሰበረ የሚጠየቀው ርዕሰ መምህሩ አይሆንም። የጥገና ገንዘብ አስቀድሞ ይመደብ፣ ትንሽም ቢሆን። የዘበኛው የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከማን እንደሚወጣ ስሙ ይጻፍ። «በጋራ ይሸፈናል» የሚል ዓረፍተ ነገር አትጻፉ፤ በጋራ ይሸፈናል የተባለ ነገር ሁሉ ሳይሸፈን ቀርቷል።

ገንዘብ ካነሳሁ አይቀር የጤና ቡድኖችን ላንሳ። እሑድ በማለዳ ቦርጫቸውን ይዘው ኳስ የሚጫወቱትን ትልልቅ ሰዎች ማለቴ ነው። ሜዳ ለማግኘት ይከፍላሉ። ይክፈሉ፣ ሠርተው የሚያድሩ ሰዎች ናቸው። ግን በደረሰኝ ይክፈሉ፤ ገንዘቡም ለዚያው ሜዳ ይዋል። ከልጅ ግን አንድ ብር አይወሰድ። በሩ ላይ ብር ከተጠየቀ እጅግ የሚያስፈልገው ልጅ ነው መጀመሪያ የሚመለሰው።

ሴት ልጆችን በተመለከተ ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ጊዜ የምንስተው። በሩን ዝም ብለን ከከፈትን ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ትልልቆቹ ወንዶች ኳስ ይዘው ይገባሉ፣ ሜዳው ሙሉውን የነሱ ይሆናል፣ ትንንሾቹ ዳር ይቆማሉ፣ ሴቶቹ ጭራሽ አይመጡም። ከዚያ «ሴቶች ፍላጎት የላቸውም» ይባላል። ፍላጎት አላቸው። የሚያስፈልጋቸው የታወቀ ሰዓት ነው፤ ሴት አሠልጣኝ ናት፤ የሚዘጋ በር ያለው፣ ውሃ ያለው መጸዳጃ ቤት ነው። በፕሮግራሙ ላይ ማክሰኞና ሐሙስ ከ10 እስከ 11 ተኩል የሴቶች ተብሎ ከተጻፈ፣ እናት ልጇን አምና ትልካለች። ሂጃብ ያደረገችም ተመችቷት የምትጫወትበት ሰዓት ይሁን። ጨለማ ሳይገባ ቤቷ እንድትደርስ ደግሞ ልምምዱ 11 ተኩል ላይ ያብቃ። የውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት ከሰነዱ ፈራሚዎች አንዱ ይሁን የምለው ለዚህ ነው። ቧንቧ የሌለው ሜዳ ለወንድ ሜዳ ነው፤ ለሴት አይደለም። በክራንች ወይም በዊልቸር ለሚመጣ ልጅም በሩ ላይ ያለችው አንዲት ደረጃ ብቻ ዓለምን ልትዘጋበት ትችላለች። ሲሚንቶ መድፋት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ሌላው ዝናባችን ነው። ጅማ ላይ ዝናብ እንግዳ አይደለም። ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ መሬቱ እምብዛም አይደርቅም። የረጠበ ሣር ላይ በየቀኑ ከተጫወታችሁ በሁለት ሳምንት ጎሉ አካባቢ ኩሬ ይሆናል። ሣሩ ይሞታል፣ መሬቱ ይጠቀጠቃል፣ ውሃው አይሰርግም። በበጋ ያ ቦታ አቧራ ነው። ስለዚህ ሰነዱ ላይ የሜዳ ዕረፍት መኖር አለበት። ከባድ ዝናብ የጣለ ዕለት ኳስ የለም፤ ጎሉን በየወሩ ማዛወር አለ፤ የዳር ቦዩን ከክረምት በፊት መጥረግ አለ። በዝናብ ቀን ልጆቹ የት ይሂዱ? የቀበሌ አዳራሽ ይሂዱ። ጠረጴዛ ቴኒስ፣ ቼዝ፣ ዳማ፣ ንባብ፣ ቴኳንዶ። አዳራሹ ለዚህ ይበቃል። ስለ ሜዳ ስናወራ አዳራሹን የምንረሳ ከሆነ ጅማን አላወቅናትም።

ዩኒቨርሲቲያችንንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ሲቋቋም፣ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መለያው አድርጎ ነው። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ቀበሌ ገብተው፣ ቤት ለቤት ጠይቀው፣ የሰፈሩን ችግር ለይተው፣ በአቅማቸው መፍትሔ ሠርተው ነው የሚመረቁት። ይህን የሚያህል ጉልበት በእጃችን አለ። አንዱ ቡድን የሜዳውን ፍሳሽ ያጥና። አንዱ የትኛው ሰፈር ልጅ ስንት ደቂቃ ተጉዞ መጫወቻ እንደሚያገኝ ይለካ። የስፖርት ሳይንስ ተማሪ ቅዳሜ ቅዳሜ ያሠልጥን፣ ለልምምዱም ይያዝለት።

ስታዲየሙም አለ። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት በዚያው ዓመት ዋንጫ ሲያነሳ ከተማው ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። በ2013ም የሊጉ ጨዋታዎች ዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ሲደረጉ አገር በቴሌቪዥን አየን። ኮራን፣ መኩራትም ይገባናል። ግን ያን ዋንጫ ያየ የኮቺ ሰፈር ልጅ በማግሥቱ ኳሱን ይዞ የት ሄደ? መንገድ ላይ። ዋንጫ ከሜዳ ነው የሚመጣው፤ ሜዳውም በእግር የሚደረስበት ሲሆን ነው።

የኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገድ ሰጥቶናል፣ ማታ ማታ ቤተሰብ ሲንሸራሸር ማየት ደስ ይላል። መንገዱ ግን ልጁን ወደ አንድ ቦታ ማድረስ አለበት። አዲሱ መንገድ የትምህርት ቤት አጥር በሚነካበት ቦታ ሁሉ በር ይኑር ነው የምለው። ይህን ለማድረግ የከተማ ፕላንና የትምህርት ባለሙያዎች አንድ ካርታ ላይ አብረው ማየት አለባቸው። ዛሬ እንኳ ከዚህ ሲወጡ ስልክ ቁጥር ቢለዋወጡ ብዙ ነው።

ከንግግሩ በኋላ አንድ እናት እጃቸውን አውጥተው ጥሩ ጥያቄ ጠየቁ፤ መልሱን እዚህ አስፍሬዋለሁ። «የኔ ልጅ ትምህርት ቤት ግቢ ገብቶ ሌባና ሱሰኛ ቢያገኝስ?» አሉ።

እናቴ፣ ስጋትዎ ልክ ነው። ክፍት ማለት ልቅ ማለት አይደለም። በኔ ሐሳብ በሩ የሚከፈተው ኃላፊ ሰው ግቢ ውስጥ ሲኖር ብቻ ነው። ክፍሎች፣ ላብራቶሪና ቢሮ ይቆለፋሉ፤ የሚከፈተው ሜዳውና መጸዳጃ ቤቱ ነው። ሲጋራና ጫት በር ላይ ይቀራል። የወላጅ መምህር ኅብረት በየሳምንቱ ሁለት ወላጅ ተረኛ ይመድባል፣ የማኅበረሰብ ፖሊስም በዚያ በኩል ያልፋል። ከሁሉም በላይ ሰው የበዛበት ሜዳ ለክፉ ሥራ አይመችም። አሁን ባዶ ግቢ ጀርባ ላይ ማታ ምን እንደሚደረግ የዚያ ሰፈር ሰው ያውቃል።

ሌላ ሰው «ማን ይፈርም?» አለ። ትምህርት፣ ስፖርትና ቀበሌ ይፈርሙ፤ ከንቲባ ጽሕፈት ቤቱ ያጽድቀው፣ ኃላፊ ሲቀየር ሰነዱ አብሮ እንዳይቀየር። በአንድ ጊዜ ከተማውን ሁሉ አንጀምር። አንድ ትምህርት ቤት እንምረጥ፤ አጥሩ ደህና የሆነ፣ ቧንቧ ያለው፣ ርዕሰ መምህሩ ፈቃደኛ የሆነ። ከጥቅምት እስከ የካቲት፣ መሬቱ በሚደርቅበት ጊዜ እንሞክረው። ስንት ልጅ መጣ፣ ስንቷ ሴት ናት፣ ምን ተሰበረ፣ ማን ከፈለ፣ በአንድ ደብተር ይመዝገብ። በመጋቢት እንደገና ተገናኝተን ደብተሩን እንክፈተው። ፈቃደኛ የሆነ ርዕሰ መምህር ካለ፣ ከስብሰባው በኋላ በሩ ጋ እጠብቃለሁ።